አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ቤይሩት በገባሁባቸው የመጀመሪያዎቹ ወራት የተማርኳቸው የዐረብኛ ቃላት አብዛኞቹ የማዕድ ቤት ቃላት ነበሩ፤ ማንኪያ፣ መጥረጊያ፣ ጨው፣ ቶሎ በይ፣ ቆይ። ከእነዚህ ቀጥሎ በጆሮዬ የቀረው ቃል ግን ከማዕድ ቤት ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም፤ «ኒሳብ» የሚል ነበር። የምንከባከባቸው አሮጊት፣ የቤቱ ሰው ሁሉ «ቴታ» ማለትም አያቴ እያለ የሚጠራቸው፣ ረፋዱ ላይ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው የምክር ቤቱን ስብሰባ ይጠብቁና ጥቂት ቆይተው መዳፋቸውን ወደ ላይ ገልብጠው «ማ ፊ ኒሳብ» ይሉኛል፤ ከዚያ ቡናቸውን እንዳመጣላቸው ያዙኛል። ቃሉ ምልዓተ ጉባኤ ማለት እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በዚያ ቤት የሚነገረው ዐረብኛ አንቺንና አንቱን ስለማይለይ በአፌ ለይቼ የማከብርበት ቃል አላገኘሁላቸውም ነበር፤ በልቤ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንቱ ነበሩ፤ እዚህም አንቱ ብዬ እጽፋቸዋለሁ።

ጊዜው በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2014 ነበር፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለቤት ሠራተኝነት መጓዝ በሀገራችን በታገደበት ወቅት፣ በሌላ ሀገር ዞሬ ነው የሄድኩት። የሊባኖሱ ፕሬዚዳንት ሚሼል ሱሌይማን ሜይ 25 ቀን የሥራ ዘመናቸውን ጨርሰው ሲወጡ የሚተካቸው ሰው አልተመረጠም ነበር። ምክር ቤቱ 128 መቀመጫ አለው፤ ፕሬዚዳንት ለመምረጥ ከእነዚህ ሁለት ሦስተኛው፣ ማለትም 86 አባላት በአዳራሹ መገኘት አለባቸው። በመሆኑም የቀረበውን ሰው ያልወደደ ወገን ተከራክሮ መርታትም መረታትም አያስፈልገውም፤ መቅረት ብቻ ይበቃዋል። ይቀራሉ፤ ስብሰባው ለሌላ ቀን ይቀጠራል፤ በቀጠሮውም ቀን ይቀራሉ። ይህ ከ40 ጊዜ በላይ ተደጋገመና ሚሼል ኦውን የተመረጡት ኦክቶበር 31 ቀን 2016 ሆነ። ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሙሉ ሀገሪቱ ያለ ርእሰ ብሔር ስትኖር እኔ በዚያ ቤት መስኮት እወለውል ነበር፤ ቴታም «ማ ፊ ኒሳብ» ይሉ ነበር።

ይህን ሁሉ ዛሬ የማነሳው በተደጋጋሚ የሚገጥመኝ አንድ ጥያቄ ስላለ ነው። ሊባኖስ ስምንት ዓመት ኖሬ መመለሴን የሚያውቁ ሰዎች፣ በተለይ ወጣቶቹ፣ «መንግሥት እንዲህ ቆሞ ሲቀር ሕዝቡ እንዴት ቻለው? ለምን አልፈነዳም?» ይሉኛል። ሌሎቹ ደግሞ በተቃራኒው ሕዝብ አደባባይ ሲወጣ ማየትን እንደ ጥፋት መጀመሪያ ይፈሩታል። እኔ ያየሁት ከሁለቱም ይለያል። በዚያች ሀገር ከሰማኋቸው ቁጣዎች ሁሉ ሰላማዊው፣ ከነጩኸቱ እንኳ ልብ የሚያሳርፈው፣ በአደባባይ ቆሞ በዳዮቹን በስማቸው የጠራው ቁጣ ነበር። ያስፈራኝ እሱ ከተበተነ በኋላ የመጣው ነው። አባቶቻችን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላሉ፤ እኔ ለተወሰነ ጊዜ ዳውላው ሆኜ ስለኖርኩ አባባሉን በአጥንቴ አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ ነገሩ ለምን እንደዚያ እንደሚቆለፍ በአጭሩ ልናገር፤ ምክንያቱም ሹማምንቱ ክፉዎች ስለሆኑ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ስህተት ይመስለኛል። ሊባኖስ ከ1975 እስከ 1990 የእርስ በርስ ጦርነት ያሳለፈች ሀገር ናት፤ 150 ሺህ ያህል ሰው እንዳለቀበት ይገመታል። ጦርነቱን ለመጨረስ በ1989 በሳዑዲ ዐረቢያዋ ጣኢፍ የተፈረመው ስምምነት የምክር ቤቱን መቀመጫዎች ለክርስቲያኖችና ለሙስሊሞች እኩል አካፈለ፤ ከ1943 ጀምሮ በልማድ የቆየውም ክፍፍል ቀጠለ፤ ፕሬዚዳንቱ ማሮናዊ ክርስቲያን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሱኒ፣ አፈ ጉባኤው ሺዓ። ማንም ያለ ሌላው መግዛት አይችልም፤ ማንኛውም ግን ሌላውን ማስቆም ይችላል። ይህ አሠራር የተዘረጋው ሰው ዳግም እንዳይተራረድ ነው፤ ስለዚህ ለሰላም የተከፈለ ዋጋ ነበር ማለት ይቻላል። ክፋቱ፣ በጦርነቱ ጊዜ ሚሊሻ ይመሩ ከነበሩት ጥቂት የማይባሉት ከጦርነቱ በኋላ ወንበሩን ተከፋፍለው መቀመጣቸውና ሕዝቡ በተቆጣ ቁጥር «እኛ ከሌለን 1975 ይመለሳል» የሚል ማስፈራሪያ በእጃቸው መቅረቱ ነው። አፈ ጉባኤው ነቢህ በሪ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት በ1992 ነው፤ እኔ ያን ጊዜ ገና ሕፃን ነበርኩ።

የቆመ መንግሥት ከላይ ሲታይ የቴሌቪዥን ወሬ ነው፤ ከታች ግን በየሰዓቱ የሚኖሩት ነገር ነው። የመንግሥቱ መብራት በቤይሩት ከተማ በቀን ሦስት ሰዓት ይጠፋ ነበር፤ ከከተማው ወጣ ሲሉ ደግሞ እጅግ ይብስ ነበር፤ ይህም እኔ ስደርስ ገና ደጉ ዘመን ነበር። በየሰፈሩ ትልልቅ ጄኔሬተር ያለው ሰው አለ፤ ቤቶቹ ለእርሱ በየወሩ ይከፍላሉ፤ ክፍያውን «ኢሽቲራክ» ይሉታል። የእኛ ቤት 5 አምፔር ነበረው። በ5 አምፔር ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥንና መብራት ይሠራሉ፤ ካውያ ከተጨመረ ግን ቆጣሪው ይወድቃል። ስለዚህ መቼ ልብስ እንደሚታጠብ፣ መቼ እንደሚተኮስ፣ ቴታ መቼ ሙቅ ውሃ እንደሚያገኙ የማውቀው በመንግሥቱ መብራት መግቢያና መውጫ ሰዓት ነበር። ውሃም እንዲሁ ነው፤ ለመንግሥት ይከፈላል፤ ሲቋረጥ ለቦቴ ይከፈላል፤ ለመጠጥ ደግሞ በጠርሙስ ይገዛል። ሰው ለመንግሥት የከፈለውን ያህል መንግሥት ስለሌለ ደግሞ ይከፍላል። ምክር ቤቱ ከ2005 በኋላ የመጀመሪያውን የሀገሪቱን በጀት ያጸደቀው በ2017 መሆኑን ስሰማ አልገረመኝም፤ አሥራ ሁለት ዓመት ያለ በጀት መኖር ምን እንደሚመስል ከቆጣሪው ሳጥን ተምሬው ነበር።

በ2015 ጁላይ የቤይሩት ቆሻሻ ይጣልበት የነበረው የነዓሜ መጣያ ተዘጋ፤ ዘመኑ ማለፉ ከዓመታት በፊት ቢታወቅም ምትክ ያዘጋጀ አልነበረም። ቆሻሻ የማወርደው እኔ ነበርኩና ነገሩን ከማንም በፊት አወቅሁት። መጀመሪያ ገንዳው ሞላ፤ ቀጥሎ ከረጢቱ በገንዳው ዙሪያ ተቆለለ፤ ከዚያ መንገዱን ይዞ ሄደ፤ ላዩ ላይ የመድኃኒት ነጭ ዱቄት እየተነሰነሰበት በበጋው ሙቀት ፈላ። ወጣቶች «ጠረናችሁ ወጣ» በሚል መፈክር አደባባይ ወጡ፤ ፖሊሶች በውሃና በጎማ ጥይት በተኗቸው። ያን ጊዜ ማዳም፣ የቴታ ልጅና የቤቱ አስተዳዳሪ፣ ከሥራ ስትመለስ አፍንጫዋን ይዛ ወደ ላይ እየወጣች «ሌቦች!» ትል ነበር። እኔን ግን «ደከመሽ?» ብላ ትጠይቀኝ ነበር። ያኔ ቁጣዋ ወዴት መሄድ እንዳለበት ያውቅ ነበር፤ ይህን ነጥብ ያዙልኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን አራት ዓመታት በዝርዝር መተረክ አያስፈልግም፤ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነበሩ። በኦክቶበር 2019 አጋማሽ ተራሮቹ ላይ ሰደድ እሳት ተነሳ፤ መንግሥት እሳት የሚያጠፉ ሦስት ሄሊኮፕተሮች ቢኖሩትም ጥገና ሳይደረግላቸው ለዓመታት ቆመው ነበርና አልተነሱም። በልጅነታችን በመዝሙረ ዳዊት የሰማነው የሊባኖስ ዝግባ ሀገር እንዲያ ሲቃጠል በቴሌቪዥን ማየት ለእኔም ከባድ ነበር። ጥቂት ቀናት ሳያልፉ፣ ኦክቶበር 17 ቀን፣ መንግሥት በዋትስአፕ ጥሪ ላይ በወር እስከ 6 ዶላር የሚደርስ ክፍያ ሊጥል መሆኑ ተሰማ። ለውጭ ሰው ቀልድ ሊመስል ይችላል። ለእኛ ለቤት ሠራተኞች ግን ዋትስአፕ የእናታችን ድምፅ ነበር፤ ለሊባኖሳውያኑም በውድነቱ ከሚታወቀው የስልክ ታሪፍ የሸሹበት ብቸኛ ቀዳዳ ነበር። ሹማምንቱ ሐሳባቸውን በዚያው ምሽት ቢያጥፉም ሰው አንዴ ወጥቶ ነበር።

በዚያ እሁድ ፈቃድ አገኘሁና ከጓደኞቼ ጋር እስከ ሰማዕታት አደባባይ ጫፍ ሄጄ አየሁ። ያን ያህል ሰው በአንድ ቦታ አይቼ አላውቅም። መፈክሩ «ኩሉን ያዕኒ ኩሉን» ነበር፤ «ሁሉም ማለት ሁሉም ነው» እንደማለት ነው። የራሱን ወገን መሪ እየማረ የሌላውን ብቻ የሚሰድብ አልነበረም፤ የዚያች አጭር ዐረፍተ ነገር ትልቅነት ይህ ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሱኒው የሱኒውን፣ ሺዓው የሺዓውን፣ ማሮናዊው የማሮናዊውን አለቃ በአንድ ድምፅ «አንተም» አለው። ኦክቶበር 27 ቀን ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው በሰሜን ካለችው ትሪፖሊ በመጽሐፍ ቅዱስ ጢሮስ ብለን እስከምናውቃት የደቡብ ከተማ ድረስ በ170 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ተሰለፉ። ቴታ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ሆነው ያን ሲያዩ አለቀሱ፤ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሳዓድ ሐሪሪ ሥራቸውን ለቀቁ። በዚያ ሰሞን መንገድ ተዘግቶ፣ ጎማ ተቃጥሎ፣ የባንክ መስታወት ተሰብሮ ነበር፤ ይህን አልክድም። ሆኖም በእነዚያ ቀናት ከቤት ስወጣ አልፈራሁም፤ አንዲት የማላውቃት ሴት እንዲያውም «አንቺም ነይ፣ ያንቺም መብት ነው» ብላ እጄን ያዘችኝ።

ከዚያ ባንኮቹ ተዘጉ። ተቃውሞው እንደጀመረ ለሁለት ሳምንት ያህል በራቸውን ዘግተው ሲከፍቱ ሰው የገዛ ዶላሩን እንዳያወጣ ገደብ ጣሉ፤ ገደቡንም ያወጣው ሕግ አልነበረም፤ ምክር ቤቱ በዚህ ላይም መስማማት አልቻለም። ከ1997 ጀምሮ አንድ ዶላር 1,507.5 ሊራ ሆኖ የቆየው ምንዛሪ በመንገድ ላይ መንሸራተት ጀመረ። በማርች 2020 መንግሥት የውጭ ዕዳውን መክፈል እንደማይችል አስታወቀ። የእኔ ደመወዝ 200 ዶላር ነበር፤ ማዳም በዶላር መክፈል ሲያቅታት በቀድሞው ምንዛሪ አስልታ 300 ሺህ ሊራ ትሰጠኝ ጀመር። በ2020 በጋ ያ ገንዘብ 40 ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር። ከዚያ እሱም ቀረ። ሰባት ወር ያለ ደመወዝ ሠራሁ።

አንድ ቀን ማዳም ከባንክ ተመለሰች። ከንጋት ጀምራ ተሰልፋ የተፈቀደላት 100 ዶላር ብቻ ነበር። ጫማዋን ሳታወልቅ ወደ ማዕድ ቤት ገባችና በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርቼ አገኘችኝ፤ የማዕድ ቤቱ መስኮት ጠባብ ስለነበር ሁልጊዜም ይበራ ነበር። በዚያ ቤት በኖርኩበት ዘመን ሁሉ እንደዚያ ጮኻ አታውቅም። እንጀራዋን የምበላ፣ ውሃዋን የምጠጣ፣ ልጇ ትምህርት ሊያቋርጥ ሲል እኔ መብራት የማባክን መሆኔን ነገረችኝ፤ ሰሃን አነሳችና ወለሉ ላይ ከሰከሰችው። ስብርባሪውን ስጠርግ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሆኖም ጩኸቷ ለእኔ እንዳልነበረ ገብቶኛል። ለባንኩ ሥራ አስኪያጅ ነበር፤ ለሚኒስትሩ ነበር፤ ከምክር ቤቱ ስብሰባ ለቀሩት ሰዎች ነበር። እነርሱ ዘበኛ፣ አጥርና የታጠቀ ደጋፊ ነበራቸው፤ እኔ ግን ማዕድ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ይህን የምለው እርሷን ለመወንጀል አይደለም፤ ማታ መጥታ አጠገቤ ተቀምጣ አልቅሳለች።

የሌሎች እህቶቼ ዕጣ ከዚህም የከፋ ነበር። በጁን 2020 አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በመኪና እያመጡ በሐዝሚዬ ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ያራግፏቸው ጀመር፤ አንዳንዶቹን ያለ ፓስፖርት፣ አብዛኞቹን ያለ ደመወዝ፣ ከአንድ ሻንጣ ወይም ከአንድ ፌስታል ጋር። ዳቦና ውሃ ይዘን ሄደን ነበር። በአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ፍራሽ አንጥፈው ተኝተው አየኋቸው፤ አንዷ አራት ዓመት የሠራችበትን ደመወዝ በልብሷ ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ ጽፋው ነበር፤ እንዳይረሳባት። አንድም ሹም «እነዚህን ሴቶች መንገድ ላይ ጣሏቸው» ብሎ አላዘዘም። ከላይ የተዘጋ ነገር ሁሉ ደረጃ በደረጃ ሲወርድ ወርዶ ከዚያ በታች መሬት ብቻ ያለበት ቦታ ላይ ቆሞ ነው። በዳቦ ቤት ሰልፎች ላይ ሶርያውያን ስደተኞች ሲገፉና ሲመቱም ያየሁት ይህንኑ ነው፤ ዱቄቱን ያሳጡት ስደተኞቹ እንዳልነበሩ የሚገፋቸውም ሰው ያውቅ ነበር።

ኦገስት 4 ቀን 2020፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ላይ፣ የቴታን ፀጉር እያበጠርኩ ነበር። ቤታችን በፉርን ኤል ሽባክ ነበር፤ ከወደቡ ራቅ ቢልም መስኮቶቹ ሁሉ ወደ ውስጥ ገቡ። በወደቡ 12ኛ መጋዘን ውስጥ ከ2013 ማብቂያ በኋላ የተከማቸ አሞኒየም ናይትሬት፣ ማዳበሪያም ፈንጂም የሚሠራበት ኬሚካል፣ ነበር የፈነዳው፤ ሲከማች 2,750 ቶን ነበር፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ከ6 ሺህ በላይ ቆሰለ፤ 300 ሺህ ያህል ሰው ቤቱ ለመኖሪያ የማይሆን ሆነበት። ከሟቾቹም ቁጥር በላይ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር አለ። አደጋው የታወቀ ነበር። የጉምሩክ ሹማምንት ዕቃው ይወገድ ዘንድ ለፍርድ ቤት ደብዳቤ ጽፈዋል፤ አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም። ደብዳቤው ወደተሳሳተ መንገድ ይሄዳል፤ ጥያቄው ይመለሳል፤ ሌላ ቢሮ ይጠየቃል፤ ወደ ላይ ይጻፋል። ሁሉም ጽፏል፤ ማንም አላነሳውም። በማግስቱ መንግሥት መንገድ ላይ አልታየም፤ ወጣቶች ግን ከየሰፈሩ መጥረጊያና አካፋ ይዘው መጥተው የማያውቋቸውን ሰዎች ቤት ጠረጉ። እኔም የእኛን ደረጃ ከአንድ ከሩቅ ሰፈር ከመጣ ልጅ ጋር ጠርጌአለሁ። ከአራት ቀን በኋላ ተቃዋሚዎች በአደባባዩ ላይ ለሹማምንቱ ያሉትን የገመድ ማነቂያ ሰቀሉ፤ ኦገስት 10 ቀን ሐሪሪን የተኩት የጠቅላይ ሚኒስትር ሐሰን ዲያብ መንግሥት ወደቀ። አዲስ ካቢኔ የተመሠረተው በሴፕቴምበር 2021 ነው፤ ዋና ከተማዋ ፈርሳ ሀገሪቱ አሥራ ሦስት ወር ጠበቀች።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እመጣለሁ። የፍንዳታውን ምርመራ የያዙት ዳኛ ታሪክ ቢታር የቀድሞ ሚኒስትሮችን ለጥያቄ ሲጠሩ ክስ በክስ ላይ ቀረበባቸው፤ ምርመራው በተደጋጋሚ ታገደ። ኦክቶበር 14 ቀን 2021 የሁለቱ የሺዓ ፓርቲዎች፣ የሒዝቦላህና የአማል፣ ደጋፊዎች ዳኛው ይነሱ ብለው ሰልፍ ወጡ፤ ሰልፉ ከቤታችን በእግር በሚደረስበት በጣዩኔ አደባባይ ሲያልፍ ተኩስ ተከፈተ። ለሰዓታት ቆየ። መትረየስ ብቻ ሳይሆን ሮኬትም ይሰማ ነበር፤ በአቅራቢያችን ያለ ትምህርት ቤት ልጆች ከዴስክ ሥር ተጠለሉ። ሰባት ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም አንዷ በቤቷ ውስጥ እያለች ጥይት ያገኛት እናት ነበረች።

ቴታ ያን ዕለት ምን ማድረግ እንዳለብን ከእኔ በፊት ያውቁ ነበር። «ወደ ኮሪደሩ ውሰጅኝ፣ በሮቹን ሁሉ ዝጊ» አሉኝ፤ ከውጭው ግድግዳ ጋር የማይገናኘው የቤቱ ክፍል ኮሪደሩ ብቻ ነበር። እርሳቸው በወንበራቸው፣ እኔ ወለሉ ላይ ሆነን ተቀመጥን። በኤፕሪል 13 ቀን 1975 ፍልስጥኤማውያንን የጫነው አውቶቡስ በዓይን ኤል ሩማኔ ሲመታ፣ ጦርነቱም ከዚያ ሲጀምር፣ ቴታ በዚሁ ቤት ወጣት እናት ነበሩ። ልጆቻቸውን ይዘው በዚሁ ኮሪደር እንደተቀመጡ ነገሩኝ። «አርባ ስድስት ዓመት» አሉ፤ ጣታቸውን ወለሉ ላይ እየጠቆሙ፣ «እዚሁ።» ሌላ አልጨመሩም።

በዚያ ኮሪደር ውስጥ ያሰብኩትን እስከ ዛሬ አስባለሁ። ከመንገዱ ወዲህና ወዲያ ሆነው የሚተኳኮሱት የሁለት ሰፈር ልጆች ከሁለት ዓመት በፊት «ሁሉም ማለት ሁሉም ነው» ሲሉ በአንድ አደባባይ የቆሙ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለቱም ቤት መብራት የለም፤ የሁለቱም አባት ገንዘብ ባንክ ውስጥ ተቆልፏል፤ ፍንዳታው የሁለቱንም መስኮት ሰብሯል። ቁጣቸው አልቀነሰም፤ አቅጣጫው ግን ዞረ። በዳዩን ይጠይቅ የነበረው ቁጣ አሁን ጠያቂው ዳኛ ላይና መንገድ ማዶ ያለው ጎረቤት ላይ ዞረ። እንዲህ ሲዞር ደግሞ ለቆሙት ሹማምንት ምንም አይከብዳቸውም፤ እንዲያውም «ይኸው፣ ጦርነት ይመጣል አላልናችሁም?» ለማለት ይመቻቸዋል። የሕዝብን አመጽ አደጋ ሰዎች ወደ አደባባይ በሚወጣው ሰው ብዛት ሲለኩት ስሰማ የማልስማማው በዚህ ምክንያት ነው። በጥቅምቱ አደባባይ መቶ ሺዎች ቆመው ሌሊቱን ተኝተን አድረናል። አደባባዩ ባዶ በሆነበት ዓመት ግን ኮሪደር ውስጥ ተቀመጥን።

ሰው በሩን አልሞከረም አይባልም። በሜይ 2022 በተደረገው ምርጫ ከጥቅምቱ ተቃውሞ የወጡ 13 ያህል አዳዲስ ሰዎች ምክር ቤት ገቡ፤ ማዳም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤተሰቧ ፓርቲ ውጪ ድምፅ ሰጠች። ሆኖም በዚያው ዓመት ኦክቶበር መጨረሻ ሚሼል ኦውን የሥራ ዘመናቸውን ጨርሰው ሲወጡ ወንበሩ እንደገና ባዶ ቀረ። እኔ ልመለስ ሻንጣዬን ሳዘጋጅ፣ በሴፕቴምበር፣ አንዲት ወጣት የመጫወቻ ሽጉጥ ይዛ ባንክ ገብታ የታመመች እኅቷን ማሳከሚያ ከራሷ ቤተሰብ ሒሳብ ገንዘብ አስወጥታ ሄደች። ማዳም ዜናውን ቆማ አየችና አጨበጨበች፤ ከዚያ ተቀምጣ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። በዚያው ወር ከሰሜን ሊባኖስ የተነሳች ስደተኞችን የጫነች ጀልባ ከሶርያ ባሕር ዳርቻ ሰጥማ መቶ የሚደርስ ሰው አለቀ። አንዱ ባንክ ሰብሮ ይገባል፤ ሌላው ልጆቹን ይዞ ባሕር ይገባል፤ ሌላው በዝምታ መድኃኒቱን ግማሽ ግማሽ እየዋጠ ይከርማል። ይህን ሁሉ ማንም አመጽ ብሎ አልመዘገበውም።

አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ከማዳም ጋር መደዋወላችንን አላቋረጥንም። ቴታ በ2023 ክረምት አረፉ፤ ፕሬዚዳንት በሌለበት ዘመን ተገናኝተን ፕሬዚዳንት በሌለበት ዘመን ተለያየን። በ2024 የእስራኤልና የሒዝቦላህ ጦርነት ሲመጣ ከደቡብ የሸሹ አሠሪዎች እህቶቻችንን ቤት ውስጥ ቆልፈውባቸውና መንገድ ላይ ትተዋቸው ሲሄዱ እንደገና በስልኬ ላይ አየሁ። ጃንዋሪ 9 ቀን 2025 ምክር ቤቱ ተሟልቶ ተሰበሰበ፤ ጄኔራል ጆሴፍ ኦውን በሁለተኛው ዙር በ99 ድምፅ ተመረጡ። ስብሰባውን እዚህ ቤቴ ሆኜ በስልኬ ተከታተልኩ፤ አባላቱ ሲቆጠሩ በአፌ ሙሉ «ኒሳብ» አልኩ፤ ቴታ የሚሰሙኝ መስሎኝ።

ማታ ማዳም ደወለች። ድምፅዋ ውስጥ ከብዙ ዓመት በኋላ ቅለት ሰማሁ፤ መብራት ግን በዚያ ሰዓትም አልነበረም፤ ከኋላዋ የሰፈሩ ጄኔሬተር ይጮህ ነበር። ስለ ቴታ ጥቂት አወራን። ከዚያ ባላሰብኩት ሰዓት ራሷ አነሳችው፤ የሰባቱን ወር ደመወዜን፣ 1,400 ዶላሩን፣ እንዳልረሳችው፣ ባንኩ የእርሷን ገንዘብ የለቀቀ ቀን መጀመሪያ የሚወጣው የእኔ እንደሆነ ነገረችኝ። ማመኔን ለመንገር ቃል ስፈልግ ጄኔሬተሩ ቆመና መስመሩ ጭር አለ። «ሰማሽኝ?» አለች በጨለማው ውስጥ። «ሰምቼሻለሁ» አልኳት።